ሼኹንና ቄሱን አንድ ላይ ይዞ እርዳታ ማከፋፈል፦ እንዴት?

ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። የእናቴ ወንድም ቄስ ናቸው። የአባቴ ወንድም ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆችን ቁርአን ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ወሎ ውስጥ ይኼ የሚገርም ነገር አይደለም። እኔን የሚገርመኝ በዚህ የሚገረም ሰው ነው። ሥራዬ እርዳታ ማስተባበር ነው፤ በድርቁም በጦርነቱም ጊዜ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ እኔም ከዱቄቱና ከዘይቱ መሀል ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። «እትዬ፣ ሰፈራችን የተፈናቀለ ሰው መጥቷል። መስጂዱም ይሰበስባል፣ ቤተክርስቲያኑም ይሰበስባል፣ ፕሮቴስታንቶቹም ለብቻቸው ጀምረዋል። እንዴት አንድ እናድርገው?» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ከመለፍለፍ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። እምነት ሰው ኪሱን እንዲፈታ ያደርጋል። የተሰበሰበውን ያስጠብቃል። የተዘጋ መንገድም ያስከፍታል። ማን ይቀበል የሚለውን ግን ለእምነት አትተዉ። እዚያ ላይ የሚፈርደው ችግር ብቻ ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ማንን ታናግራላችሁ?

በቅሬ ጀምሩ። ሌላ አገር ዕድር የሚባለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የቅሬው ዳኛና ጸሐፊ ሰፈሩን በቤት ቁጥር ያውቁታል። ማን ሞቶበት እንደተበደረ፣ ማን መዋጮ መክፈል እንዳቆመ መዝገቡ ላይ አለ። መዋጮ ያቋረጠ ቤት ብዙ ጊዜ ምግብም ያቋረጠ ቤት ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ቅሬ ውስጥ ካሉ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ቅሬው የተለያየ ከሆነ ሁለቱንም ዳኞች ያዙ።

ከዚያ ዳኛውን ይዛችሁ ኢማሙ ዘንድና የደብሩ አስተዳዳሪ ዘንድ ሂዱ። በአካል። ደብዳቤ በልጅ አትላኩ። ሁለቱንም በአንድ ቀን አናግሩ። አንዱን ሰኞ፣ ሌላውን በሳምንቱ ካናገራችሁ ሁለተኛው «ተወስኖ ካለቀ በኋላ ነው የመጣችሁት» ይላችኋል። እውነቱንም ነው።

በተለይ መስጂዱን ሁለተኛ አታድርጉ። ይኼ ቁስል የቆየ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሙ ለእኩልነት አደባባይ ሲወጣ፣ በዓላቱ እንኳ በአገር ደረጃ አይከበሩለትም ነበር። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል ማለቱን ሽማግሌዎቹ አይረሱትም። በሰልፉ ላይ ብዙ ክርስቲያኖች አብረው መውጣታቸውንም አይረሱም። እናንተ የጊዜ ሰሌዳ ተጣበበ ብላችሁ ያዘገያችሁት ቀጠሮ ኢማሙ ጆሮ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ይገባል።

ፓስተሩን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጥሩ። ትንሽ ጉባኤ ናቸው ተብለው ይረሳሉ። ከሦስተኛው ስብሰባ ላይ ሲጠሩ ቅር ብሏቸው ነው የሚመጡት።

ስብሰባው የት ይሁን? መስጂድም ቤተክርስቲያንም አይሁን። የቅሬው ቤት ወይም የአንድ ሽማግሌ ሳሎን ይበቃል። ቡና ይፈላ። መክፈቻ ላይ ጸሎት መኖሩ አይቀርም። እኛ ዘንድ ሽማግሌው ዱዓ ያደርጋል፣ ሁሉም አሚን ይላል፣ ማንም አይከፋም። እናንተ ዘንድ ይኼ ካልተለመደ ሁሉም በየልቡ ይጸልይና ወደ ሥራ ግቡ። የማን ጸሎት ይቅደም ብላችሁ አንድ ሰዓት እንዳታጠፉ።

ሴቶችን ካልጠራችሁ ግን ስብሰባው ባዶ ነው። የጽዋ ማኅበር ሴቶችና የመስጂድ ጀመዓ ሴቶች ይኑሩ። ወንዶቹ መርሕ ያወራሉ። ከማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ የምታውቀው ሴቷ ናት።

ገንዘቡ

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ይሳሳታል። «ሁላችንም ወደ አንድ ሣጥን!» ይላል። ሃሳቡ ደስ ይላል፤ ግን ሼኹ ዝም ሲሉ ይገርመዋል።

ዘካ እንደፈለጉ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። ከተወሰነ መጠን በላይ ያለው ሰው ዓመት ከሞላው ሀብቱ ላይ 2.5 በመቶ ያወጣል። ለማን እንደሚሰጥም ቁርአን ውስጥ ተቆጥሯል፤ አት-ተውባ ምዕራፍ 60ኛው አንቀጽ ስምንት ዓይነት ሰዎች ይዘረዝራል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ድሃው የሚወስደው ድርሻ ለሙስሊም ድሃ ነው ይላሉ። ስለዚህ ሼኹን ዘካውን ከጋራው ሣጥን ክተቱ ብሎ ማስጨነቅ ነውር ነው። ሰደቃ ግን ክፍት ነው። ለጎረቤት ክርስቲያንም ይሰጣል። ሰደቃ ጠይቁ።

በቤተክርስቲያንም በኩል እንዲሁ ነው። አሥራት የቤተክርስቲያኒቱ ነው፤ አትንኩት። ምጽዋት ጠይቁ። የጋራው ሣጥን የሰደቃና የምጽዋት ሣጥን ይሁን። ዘካውና አሥራቱ በየራሳቸው መንገድ ይሂዱ። ይኼን ከፍታችሁ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ተናገሩት። ሁለቱም አባቶች ትከሻቸው ሲቀል ታያላችሁ።

የባንክ ሂሳቡ በሦስት ፊርማ ይከፈት፦ አንድ ከመስጂድ፣ አንድ ከቤተክርስቲያን፣ አንድ ከቅሬ። ሣጥኑ ሰው ፊት ይቆጠር። የገባውና የወጣው ተጽፎ አንዱ ወረቀት መስጂዱ በር ላይ፣ ያው ወረቀት ቤተክርስቲያኑ በር ላይ ይለጠፍ። ያው ወረቀት ነው ያልኩት። «ለእነሱ ሌላ ነው የተጻፈላቸው» የሚል ወሬ የሚሞተው በዚህ ነው።

ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ የራሱ ጣጣ አለው። ሳዑዲ፣ ዱባይ፣ ኩዌት ያሉ እህቶቻችን ከሰው ቤት ሠርተው ይልካሉ። ከመሀላቸው ሙስሊምም ክርስቲያንም አለች። የሚፈልጉት እንደደረሰ መስማት ብቻ ነው። የድምፅ መልእክት ላኩላቸው። የተቀባይ ፎቶ ግን አትላኩ፤ ድሃ ሆነ ተብሎ ፊቱ በየስልኩ መዞር የለበትም።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ወገኖች ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበስቡና «ለኛ ክርስቲያኖች ብቻ» ብለው የሚልኩበት ጊዜ አለ። የገልፍ ለጋሽም «ለሙስሊም ብቻ» ሊል ይችላል። አትቆጡ። አንድ ቤተ እምነት የራሱን ምእመን ቢረዳ ኃጢአት የለበትም። ከጋራው ሣጥን ግን አይገባም። «በደብሩ በኩል ይላኩት፣ እኛ የምንሠራው በሌላ ደንብ ነው» በሉ። ደንቡ ምንድን ነው ካሏችሁ፣ ቀይ መስቀልና የእርዳታ ድርጅቶች በ1994 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ አለ። ሁለተኛው ነጥብ እርዳታ ዘርና እምነት ሳይለይ በችግር መጠን ብቻ ይሰጥ ይላል። ሦስተኛው እርዳታ የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት አቋም ማራመጃ አይሁን ይላል። እነዚህን ሁለት ነጥቦች በአማርኛ ጽፋችሁ የቅሬው ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

ምግቡ

ድርጅቶች የሚወድቁበት ቦታ ይኼ ነው። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ካሎሪ ይቆጥራል። እኛ አገር ከካሎሪው በፊት ማን አረደው የሚለው ይጠየቃል።

ሙስሊሙ በሙስሊም እጅ ያልታረደ አይበላም። ክርስቲያኑም በሙስሊም እጅ የታረደ አይበላም። ስለዚህ የበሰለ ምግብ የምታቀርቡ ከሆነ ሥጋ እርሱት። አንድ ለጋሽ አንድ በሬ ከላከላችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ሸጡትና ምስር ግዙበት። ማረድ ግድ ከሆነ ሁለት ከብት፣ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት ያስፈልጋል። እኛ ሰርግ ላይ የምናደርገው እንደዚያ ነው።

የዐረፋ ኡድሒያ ግን ይለያል። ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ለጋሾች ለዒድ አል አድሐ ከብት ያሳርዳሉ። ያ ሥጋ አይሸጥም፤ መታደል ነው ያለበት። ስለዚህ ወደ ሙስሊሙ ቤት ይሄዳል። ክርስቲያኑ ጎረቤት በዚያው ቀን ግምቱ ተመጣጣኝ የሆነ ነገር፣ ዱቄት ወይም ዘይት፣ ከጋራው ሣጥን ያግኝ። ይኼን ከዐረፋ በፊት አስታውቁ። በኋላ ሲነገር ማስተባበያ ይመስላል።

ታዲያ ሁሉንም የሚያበላው ምንድን ነው? የጾም ወጥ! ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ ባቄላ፣ ድንች በዘይት። ረቡዕና ዓርብ ይበላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ይበላል። ሙስሊሙም ያለ ጥያቄ ይበላዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የዶሮ ወይም የሥጋ ጣዕም ያለው ኩብ ማጣፈጫ ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ። ኩሽና የገባ በጎ ፈቃደኛ ለማጣፈጥ ብሎ ይጨምረውና ሙሉ ድስት ይመለሳል።

በ2017 ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጥመው ነበር። በ2018ም እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን ወጡ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ይድረስ። ክርስቲያኑ ከቅዳሴ ወጥቶ ይበላል። ሙስሊሙ በሳህን ተሸፍኖለት ይወስዳል፣ መግሪብ ላይ ያፈጥርበታል። አንድ ድስት፣ አንድ እሳት፣ ሁለት ጾም። በረመዳን ከተቻለ ቴምር ጨምሩ። ከዒድ ሶላት በፊት ደግሞ ዘካተል ፊጥር አለ፤ በነፍስ ወከፍ ሁለት ተኩል ኪሎ ገደማ እህል ይወጣል። የመስጂዱ ኮሚቴ ራሱ ስለሚያከፋፍለው፣ በዚያ ሳምንት የእናንተን ዙር ትንሽ ብታዘገዩት አይጎዳም።

በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። በከረጢት የሚመጣው የኦቾሎኒ ቅባት፣ ፕላምፒ ነት፣ የወተት ዱቄት አለበት። አንዳንድ እናት በጾም ወራት ለልጇ ለመስጠት ታመነታለች። ቤተክርስቲያን ጾምን ከሰባት ዓመት ጀምሮ ነው የምታዘው፤ ሕመምተኛንም አታስገድድም። ግን ይኼን እናንተ ብትነግሯት አትሰማችሁም። ነርሷ ብትነግራትም ላትሰማ ትችላለች። የንስሐ አባቷ አንድ ቃል ሲሉ ያልቃል። ስለዚህ ቄሱን ጤና ጣቢያው በር ላይ ለአንድ ጠዋት አስቀምጡልኝ። ነፍሰ ጡር ሆና ለምትጾም ሙስሊም ሴትም ኢማሙ ይናገሩላት። ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ ፈቃድ አለ። ሐኪም ያልከፈተውን በር እነሱ ሲከፍቱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስም ዝርዝሩ

ቅድም ችግር ብቻ ይፍረድ ያልኩት እዚህ ጋ ነው የሚፈተነው። ዝርዝሩ ላይ ሃይማኖት የሚል ዓምድ አታስገቡ። ግን ይኼ ብቻውን አይበቃም። ስም ያስታውቃል። ከድር ሲባልና ኃይለማርያም ሲባል ሁሉም ሰው ልቡ ውስጥ ይቆጥራል።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ጸሐፊው ቤቱን እንጂ ስሙን አያነብም። «አምስት ልጅ፣ አባት የለም፣ ኪራይ ቤት፣ አንዷ ልጅ ታማለች።» ኮሚቴው ይገባል ወይም አይገባም ይላል። ውሳኔው ከተጻፈ በኋላ ነው ስሙ የሚነበበው። መጀመሪያ ቀን ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ። በኋላ ግን አንድ አባት የራሳቸውን እህት ልጅ ሳያውቁት «አይገባውም፣ ወንድሙ ይረዳዋል» ብለው ጣሉት። እውነታቸውን ነበር፤ ውሳኔያቸውንም አላጠፉም።

ቀበሌው የራሱ ዝርዝር ይኖረዋል። ተቀበሉት፣ አመሳክሩት፣ ግን እንዳለ አትገልብጡት። ቀበሌ መታወቂያ የሌለውን ሰው አያውቅም።

ከሁሉ የሚረሱት እነማን እንደሆኑ ልንገራችሁ። ደረሶችና የቆሎ ተማሪዎች። ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ መስጂድ ሥር ኪታብ ይማራል። የቆሎ ተማሪው ከሩቅ መጥቶ ቤተክርስቲያን ሥር ዜማ ይማራል። ሁለቱም የሚኖሩት ሕዝቡ በሚሰጣቸው ቁራሽ ነው። ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቋረጠው ያ ቁራሽ ነው። ቀበሌ አይመዘግባቸውም፤ ነዋሪ አይደሉም። ሼኹ የደረሶቹን ዝርዝር ይዘው ሲመጡ ቄሱ «ለራሱ ሰዎች» ብለው ያጉረመርማሉ። ቄሱ ተማሪዎቻቸውን ሲያመጡም እንዲሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ መስመር ክፈቱና «ቤት የሌላቸው ተማሪዎች» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱንም ባንድ መስመር አስገቧቸው፣ እኩል ይሠፈርላቸው።

ቦታና ቀን

ማከፋፈያው ትምህርት ቤት ግቢ ወይም የቅሬው ሜዳ ይሁን። በወር አበባ ላይ ያለች ክርስቲያን ሴት ቤተክርስቲያን ለመግባት ትሳቀቃለች። ክርስቲያኗ ደግሞ መስጂድ ግቢ ስትገባ ምን ልልበስ ብላ ትጨነቃለች። እንዲህ ያለው ነገር ሪፖርት ላይ አይወጣም፤ ሰልፉ ላይ ግን ሰው ይቀራል።

መጋዘን ሲሆን ግን ተቃራኒው ነው። ከመስጂድና ከቤተክርስቲያን የተሻለ መጋዘን የለም፤ ሌባ ይፈራቸዋል። ዘይቱን መስጂድ፣ ዱቄቱን ቤተክርስቲያን አስቀምጡ። ዘይት የሌለው ዱቄት፣ ዱቄት የሌለው ዘይት ምን ያደርጋል? አንዱ ያለ ሌላው መከፋፈል አይችልም። ቁልፎቹን ደግሞ አቀያይሩ። የመስጂዱን መጋዘን ቁልፍ ክርስቲያኑ፣ የቤተክርስቲያኑን ሙስሊሙ ይያዝ።

ቀኑ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ይሁን። ሰኞ የደሴ ገበያ ነው። ዓርብ ጁምዓ ነው። እሑድ ቅዳሴና የፕሮቴስታንቶች ጉባኤ ነው። 12ን ለሚካኤል፣ 21ን ለማርያም፣ 27ን ለመድኃኔዓለም እያያችሁ ዝለሉ።

ፖለቲካው

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መሬት ላይ ግን የእርዳታ ሰልፍ ላይ ሁለቱም መታየት ይፈልጋሉ። ምርጫ ሲቃረብ ደግሞ ጆንያ የጫነ እጩ ይመጣል። ጆንያውን ተቀበሉ። ንግግሩን አትቀበሉ። ባነር፣ ኮፍያ፣ ቲሸርት የለም። ሰባኪም ቢሆን እንደዚያው። ሰልፍ ላይ የቆመ የተራበ ሰው ስብከት መስማት የለበትም፣ ወረቀትም አይታደለው። «በስንዴ ሃይማኖት ያስቀይራሉ» የሚለው ወሬ አንዴ ከተነሳ ዓመት ሙሉ ብትለፉ አታጠፉትም።

የወሎ ታሪክ እዚህ ላይ ያስተምራል። የ1965ቱ ረሃብ ሲደበቅ፣ በኋላ ክርዳ የተባለው የክርስቲያን ድርጅቶች ኅብረት ተቋቋመ። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ በደርግ በኩል ያለውን ሕዝብ የካቶሊክ፣ የሉተራንና የመካነ ኢየሱስ ድርጅቶች ተባብረው ይረዱ ነበር። በካርቱም በኩል ደግሞ ሌሎች የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ደርግ ወደማይደርስበት ትግራይና ኤርትራ እህል ያስገቡ ነበር። የቤተክርስቲያን ገንዘብ በሁለቱም ወገን ነበር ማለት ነው። በ1982 ኦርቶዶክስን ጨምሮ የአብያተ ክርስቲያናቱ ጥምረት መኪኖች ከደሴ ተነሥተው የጦር ግንባሩን አቋርጠው ወደ ሰሜን ወሎና ትግራይ እህል አደረሱ። ሁለቱ ተዋጊዎች ፈቀዱላቸው። እኔ እንደማየው፣ ከአንዱ ወገን ጎን ተሰልፎ የታየ ቡድን ቢሆን ኖሮ ያ መንገድ አይከፈትለትም ነበር። ሰፈር ውስጥ የእጩ ፎቶ የለጠፋችሁ ቀን ያንን ዓይነት መተላለፊያ በገዛ እጃችሁ ትዘጉታላችሁ።

ሥራው ከሰፈር አልፎ የሚሰፋ ከሆነ ሕጋዊ ቤት ያስፈልገዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አያካትትም። ስለዚህ ሥራው በልማት ክንፋቸው በኩል ይሂድ፤ በኦርቶዶክስ የልማትና ተራድኦ ኮሚሽን፣ በመካነ ኢየሱስ የልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን። እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትም በአዋጅ 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት አለውና አናግሩት። ለሰፈር ስብስብ ግን ቀበሌውን ማሳወቅ አይቅር።

ትራፊው

ኮሚቴ የሚፈርሰው ሲያልቅ ነው። ሃያ ሊትር ዘይትና ጥቂት ሺህ ብር ይተርፋል። አንዱ «ግማሹ ለመስጂድ ጣሪያ፣ ግማሹ ለቤተክርስቲያን አጥር» ይላል። እኩል ነው፣ ሰላማዊ ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። ሰው ለረሃብ ብሎ ነው የሰጠው። ከመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ «ትራፊ ካለ ዝርዝሩ ላይ ተከታይ ለሆነው ቤት ይሰጣል» ብላችሁ አስፈርሙ። ቃለ ጉባኤው በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ቅሬ፣ አንዱ መስጂድ፣ አንዱ ቤተክርስቲያን ይቀመጥ። ፓስተሩም ቅጂ ከጠየቁ አራት አድርጉት። ቀበሌው ሲፈልግ ፎቶኮፒ ይሰጠዋል።